ልጆቹ ከቤት ሳይወጡ አንድ ጉዞ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ላይ ናቸው፤ ልጆች አድገው በየፊናቸው ከመሄዳቸው በፊት ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚያደርገው፣ ዳግም የማይገኝ ጉዞ። አምስቱን መርጠን፣ ረዣዥሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። የበኩር ልጃችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ይጠብቃል። ሴቶቹ 15 እና 13 ዓመታቸው ነው። ከዕቁብ የያዝነው ገንዘብ ስላለ ስምንት ቀን ልንወጣ አስበናል። ባለቤቴ ሐይቅን፣ ግሸንን፣ መቅደላን፣ ላሊበላን፣ ይምርሐነ ክርስቶስንና አቡነ ዮሴፍ ተራራን በአንድ ዙር እንያቸው ይላል። ልጆቹ ሐዋሳ ካልሆነ ብለው አኩርፈዋል። ከየት እንጀምር?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ የባለቤትዎ ዝርዝር ቢያንስ ሦስት ጉዞ ይወጣዋል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወልድያ በድልብና በጋሸና ዞሮ ላሊበላ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐይቅ መንገድ ላይ ስለሆነ አያስቸግርም። ግሸንና መቅደላ ግን ከዚህ መስመር ውጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድና የራሳቸው የአምባ ዳገት አላቸው። ግሸንን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። መስከረም 21 ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በሕዝቡ ብዛት የተነሳ ማደሪያውም ምግቡም ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት፣ ጅባራ የበቀለበት ሸጋ ተራራ ቢሆንም ዳገት ላልለመደ ቤተሰብ በአንድ ቀን የሚሞከር አይደለም። በእሱ ምትክ ከላሊበላ ከተማ በላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን ያዙ፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስወጣል፣ ልጆቹ ቀድመዋችሁ ይደርሳሉ።

የቀረው እንዲህ ይደለደል። በመጀመሪያው ቀን ረፋዱን ተነስታችሁ ሐይቅ ላይ ዓሣ ብሉ፣ ጀልባ ተሳፈሩ፣ ማታ ወልድያ እደሩ። በሁለተኛው ቀን ላሊበላ ግቡ፤ ከሰዓት በኋላ ምንም አታቅዱ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የአብያተ ክርስቲያናቱ ነው። አምስተኛው የይምርሐነ ክርስቶስ። ስድስተኛው ቀን አሸተንን መውጣት ለሚፈልግ የመውጫ፣ ለማይፈልግ የእንቅልፍ ቀን ይሁን። በሰባተኛው ትመለሳላችሁ። ስምንተኛውን ባዶ ተዉት። ይህን ቀን ባለቤትዎ በሆነ ነገር ሊሞሉት ይፈልጋሉ፤ እንዳይፈቅዱላቸው። ጎማ ሲፈነዳ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ሆድ ሲያስቸግር የሚበላው ይህ ቀን ነው።

አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ የምትነጋገሩበት አንድ ነገር አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤተ ጎልጎታ እንዲሁ። የ15 እና የ13 ዓመት ልጅ ይህን በር ላይ ስትሰማ ቅያሜዋ ቀኑን ሙሉ ይከተላችኋል። ሥርዓቱን ቀደም ብለው ቢያስረዷቸው፣ አባትና ልጅ ገዳሙን ሲሳለሙ እናትና ሴቶች ልጆች ጀልባ ላይ ቢሆኑ ይሻላል፤ ውጭ ቆሞ መጠበቅ እንዳይሆንባቸው።

ከሐይቅ አልፋችሁ ውጫሌ ስትደርሱ መኪናውን አቁሙና በኩሩ ይናገር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ መሆኑ፣ ከዚያ የተነሳው ጠብ አድዋ ላይ መድረሱ ሁሉ ለፈተና የሸመደደው ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። እህቶቹ ይስቁበታል፤ ይሳቁ።

ላሊበላ ላይ 11ዱንም በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፤ የሚያስጎበኙ ሁሉ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ግን ከአምስተኛው በኋላ የልጅ ዓይን ድንጋይ እንጂ ሌላ አያይም። በመጀመሪያው ጠዋት ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ ደናግልን፣ ቤተ ሚካኤልንና ቤተ ጎልጎታን እዩ። በማግስቱ ጠዋት ቤተ አማኑኤልን፣ ቤተ መርቆሬዎስን፣ ቤተ አባ ሊባኖስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ለምሳ ስለሚዘጋ ሙቀቱን ሆቴል ውስጥ አሳልፉ። ቤተ ጊዮርጊስን ብቻውን ለዚያው ለሁለተኛው ቀን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አቆዩት። መጀመሪያ ከላይ ከአፋፉ ቆማችሁ እዩት፤ ጣሪያው እግራችሁ ካለበት አለት ጋር እኩል ነው፣ ቤቱ ወደ ታች የተቆፈረ ነው። ያኔ «እንዴት ሠሩት» የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ጫማ በየበሩ ይወልቃል። ረጅም ማሰሪያ ያለው ስኒከር ያደረገ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ 11 ጊዜ ይፈታል፣ 11 ጊዜ ያስራል፤ በሰባተኛው ላይ «እኔ ውጭ ልጠብቃችሁ» ይላል። ጎትተው የሚያደርጉት፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይሁን። ወፍራም ካልሲ ለእያንዳንዱ ሁለት ትርፍ ያዙ፤ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውምና ካልሲውን በሱሪው ላይ ስቡት። በቤተ ገብርኤል በኩል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያወጣ ድቅድቅ ያለ ዋሻ አለ። ባትሪ ያዙ፣ ግን አታብሩት፤ በባህሉ የሲኦል ጨለማ ምሳሌ ነውና በጨለማ ነው የሚታለፈው። ቀኝ እጅ ግድግዳውን ይዳብስ፣ ግራ እጅ ከግንባር በላይ ይሁን፤ ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፣ ረጅሙ ልጅዎ ጭንቅላቱን የሚመታው እዚያ ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ መንገዱ ጠጠር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። መኪና ከሚቆምበት በጽድ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ ተራ በተራ እየተደረበ የታነጸ ሲሆን ከላሊበላዎቹ ይቀድማል። ሁለቱን አይነት አሠራር በተከታታይ ያየ ልጅ ልዩነቱን ሳይነገረው ይለየዋል፤ ከሁሉም ቀን ይህን ብናስበልጥ ደስ ይለናል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ሐምሌና ነሐሴ ይቅሩባችሁ። ጭቃው፣ ጭጋጉና የድልብ ጠመዝማዛ አብረው አይሄዱም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አረንጓዴውም አለ፣ ሰማዩም ጠርቷል። ታናናሾቹ ትምህርት ስለሚጀምሩ የአምስት ቀን ፈቃድ ከትምህርት ቤታቸው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ገናን ላሊበላ ማክበር ከፈለጋችሁ ያ ሌላ ጉዞ ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ቢሆንም ሦስት ቀን ቀድማችሁ መግባት፣ አልጋ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት መያዝ አለባችሁ። በማለዳ ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው አፋፍና ከታች በግቢው ተከፍለው «ቤዛ ኩሉ» ሲቀባበሉ ለማየት ሌሊቱን ቦታ ይዞ ማደር ያስፈልጋል። ለ13 ዓመቷ ይከብዳታል።

መኪናውን በኮንትራት ስትይዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ነዳጁ የማን ነው? የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን ነው? መኪናው ቢበላሽ ምትክ በስንት ሰዓት ይመጣል? ሊብሬውንና ቦሎውን እዩ። ስኮርታው መኖሩ አይበቃም፤ አውርዳችሁ ነፋስ እንዳለው በእጅ ተጫኑት፣ ክሪኩም መሥራቱን ሹፌሩ ያሳያችሁ። ቀብድ ከሲሶ አይብለጥ። በክልሉ ያለው ግጭት አንዳንድ ቀን መንገድ ስለሚያዘጋ ውሉ ላይ «መንገድ ከተዘጋ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አጽፉ። ከመነሻችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁና በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን ከዚያ መስመር የገባ ሹፌር ጠይቁ። ከሬዲዮና ከፌስቡክ ይልቅ እሱ ያውቃል። በቀን ብቻ ተጓዙ፣ ከ11 ሰዓት በፊት አልጋችሁን ያዙ። ነዳጅ ደሴና ወልድያ ላይ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ገንዘቡን ከ100 ብር 35ቱን ለመኪና፣ 25ቱን ለአልጋ፣ 20ውን ለምግብ፣ 8ቱን ለመግቢያና ለአስጎብኚ መድቡ፤ 12ቱን አትንኩት። አስጎብኚው መታወቂያ ባጅ ያለው ይሁን፤ ዋጋውም በሰው ሳይሆን በቡድን ይቆረጥ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም አይሠራምና የሁለት ቀን ወጪ በጥሬው፣ በሁለት ሰው ኪስ ተከፍሎ ይያዝ።

ስለ ሐዋሳው እንመለስ። ልጆቹ ሐዋሳን የጠሩት ማንም ሳይጠይቃቸው ስለተወሰነባቸው ይሆናል። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ስጧቸው። በዚያ ግማሽ ቀን ምን እንደሚደረግ ልጁ ይወስናል፣ ወላጅ አይሽርም፤ ሆቴል ተኝቶ ፊልም ማየትም ቢሆን። በተጨማሪ እያንዳንዱ ከዕቅዱ አንድ ነገር የመሰረዝ መብት ይኑረው። በምላሹ ሥራ ይያዙ፤ በኩሩ የነዳጅና የኪሎ ሜትር ደብተር፣ የ15 ዓመቷ የዕለቱን የምግብ ገንዘብ ቦርሳ። ጠዋት ይሰጣታል፣ ማታ የተረፈው ለነገ ይዞራል። በሁለተኛው ቀን ለስላሳ ማዘዝ ያቆማሉ። ትንሿ ደግሞ ፎቶ፤ በቀን ከአምስት የማይበልጥ የምትመርጥ፣ ስትመለሱ 40ው በወረቀት የሚታጠብ። ፍላሽ በሥዕል ላይ አይበራም፣ ካህን ሳይጠየቅ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር (16 እና 14) ከውጭ ይመጣል። ልጆቹ ወሎን አይተው አያውቁም፣ አማርኛቸውም ደካማ ነው። አሥር ቀን አላቸው። እናታችን ወረኢሉ ናት። ምን ላዘጋጅ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ትኬቱን ከዛሬ ጀምረው ይነጋገሩበት። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚገቡ ከሆነ የአገር ውስጡን በረራ አብረው ቢቆርጡ በጣም ይረክሳል፤ እዚህ ደርሰው ለብቻው ከገዙት የውጭ ዜጋ ዋጋ ይጠየቃሉ። ላሊበላም ኮምቦልቻም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አንድ ሙሉ የመኪና ቀን ያተርፋል። የላሊበላ መግቢያም ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ ዋጋው የተራራቀ ስለሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሁሉ ዋናውን ይያዝ፤ የስልክ ፎቶ ላይቀበሉት ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች አያታቸው ቤት ይደሩ፤ ጉብኝቱ ከዚያ በኋላ ይጀምር። ልጆቹ የጊዜ ለውጡንም ከፍታውንም የሚለምዱት በዚያ ነው። ከባሕር ጠለል የመጣ ልጅ ከ2,500 ሜትር በላይ ራሱን ቢያመው፣ እንቅልፍ ቢነሳው የተለመደ ነው፤ ውኃ ይጠጣ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዳገት አይውጣ። ቢብስበት ወይም ማስመለስ ከጀመረው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ።

ለሆድ ጥሬ ሰላጣ፣ ጥሬ ሥጋና የቧንቧ ውኃ ይከልከሉ። አያት ክትፎ አቅርበው እንቢ ማለት ስለሚከብድ «ሐኪም ከልክሏቸው ነው» ብለው ቀድመው ይንገሯቸው። ተቅማጥ ከመጣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። ከሌለ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር። ጨው አይብዛ፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ደፍተው እንደገና ይሥሩት። ወደ ባቲ፣ ከሚሴና ኮምቦልቻ የሚወርዱ ከሆነ ስለ ወባ መከላከያ ከመነሳታቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት እዚያው ሐኪማቸውን ያማክሩ። በቀስታ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ አይዋኙ፤ ብልሃርዝያ በዓይን አይታይም።

አማርኛቸው ደካማ መሆኑን እንደ ችግር አይቁጠሩት። ልጆቹ አያታቸውን በስልክ ይቅዱ። ስልኩ በረራ ሁነታ ላይ ይሁን፣ ከሴትየዋ አንድ ክንድ ርቀት ባለ ትራስ ላይ ይቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሲኒ ባረፈ ቁጥር ይንጓጓል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድተው ያዳምጡት። ጥያቄው አሥር ይበቃል፦ ስንት ወንድምና እህት ነበሯችሁ፣ ሠርግዎ ዕለት ምን ተበላ፣ በልጅነትዎ ገበያ በስንት ሰዓት በእግር ይኬድ ነበር የመሳሰሉት። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» ካሏቸው «ምን ሕይወት አለ ልጄ» ብለው ቡናቸውን ነው የሚቆሉት። ልጆቹ ሙዚቃ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም መሆናቸውን ንገሯቸውና ቦታዎቹን ሲያልፉ መኪና ውስጥ ይክፈቱላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባለቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ልጆቻችን 14 እና 16። ከኮምቦልቻ ተነስተን አራት ቀን መውጣት እንፈልጋለን። ሁላችንም የምናየው፣ ሁላችንም የምንበላው ነገር እንዴት ይገኛል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በወሎ ይህ ጥያቄ ከየቤቱ ይመጣል፤ መፍትሔውም ያረጀ ነው። ሥጋው የማን እንደሆነ ከማዘዝ በፊት ይጠየቃል፤ ካልተስማማ በየዓይነቱ ሁሉንም ያበላል። ቀኑን በምትመርጡበት ጊዜ ጾሞቹን ተያዩ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል። በረመዳን ቀን ገበያ ለገበያ መዞር ለጾመኛ ቅጣት ነው።

ገበያ ካላችሁ እሁድና ሰኞን አያይዙ። እሁድ ሰንበቴ ነው፣ ከከሚሴ አልፎ ወደ ሸዋ። ሰኞ ባቲ ነው፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት፣ ግመል የሚሸጥበት ገበያ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግቡ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ፤ ቆላ ስለሆነ ባርኔጣና ውኃ የግድ ነው። ግመል ተራ ላይ ከኋላ አይቆምም፣ ባለግመሉ ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሳም። ለልጆቹ አነስ ያለ እኩል ገንዘብ ስጧቸውና በሁለት ሰዓት ውስጥ ተከራክረው ለቤት የሚሆን አንድ ዕቃ ገዝተው ይመለሱ። በሌላው ቀን ከከሚሴ በኩል ሾንኬን ውጡ፤ ተራራ አናት ላይ ያለ፣ በድንጋይ ቤቶቹ የታወቀ የአርጎባዎች ጥንታዊ መንደር ነው። መጨረሻው በእግር ነው። ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍኑ፣ ከመግባታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ። ወደ ማንም ቤት ዘው አይባልም፤ የሚኖርበት መንደር ነው። አራተኛውን ቀን ሐይቅ ላይ አሳልፉት።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄን መኪና ያስመልሳታል። ጋሸና ሳንደርስ ጉዞው እንዳይበላሽ ፈራሁ።
ከወልድያ

መልስ፦ ጋቢና ትቀመጥ፣ ስልክ አትይዝ፣ ራቅ ያለውን መንገድ ትመልከት። ባዶ ሆድም ጥጋብም ያባብሳል፤ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ደረቅ ዳቦና ሻይ በዝንጅብል ይበቃታል። ጨጨብሳ በቅቤ በዚያ ጠዋት አይሞከርም። ፋርማሲ ዕድሜዋን ነግረው የጉዞ ክኒን ይግዙ፤ ከመነሳት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ትዋጠው፣ ማቅለሽለሽ ከጀመራት በኋላ አይረዳም። ድልብን ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ቆማችሁ አየር ትውሰድ። ሹፌሩ ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሳይቸኩል ይውጣ፤ ብዙ ጊዜ ልጅን የሚያሳምመው መታጠፊያው ላይ የሚረገጠው ፍሬን ነው። ሁለት የማያፈስ ፌስታል ጋቢናው ኪስ ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። አባቴ ለቤተሰብ ጉዞ በሚል በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚያስነሳ ፕሮግራም አውጥቷል። መቅረት እፈልጋለሁ። አይሆንም ብሏል።
ከመርሳ

መልስ፦ መቅረቱን ተወው፤ እሱ የሚሸነፍ ክርክር ነው። ፕሮግራሙን ግን ማስተካከል ትችላለህ፣ በአፍ ሳይሆን በወረቀት። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ከአንድ ቀን ዘልሎ አንድ ቀን እስከ 2 ሰዓት መተኛት፣ ከእራት በኋላ ማንም የማይጠራህ አንድ ሰዓት፣ አንተ የምትመራው አንድ ግማሽ ቀን። ከታች በምትኩ የምትሠራውን ጻፍ። የመንገዱን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቤት ሳለህ አውርደው፣ የሁሉንም ስልክ ቻርጅ አንተ ተረከብ። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ አንድን ስልክ ከአንድ እስከ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ለአምስት ሰው አንድ አይበቃም፣ ይህንንም ወረቀቱ ላይ አስገባው።

አባትህ ጠዋት ሲቸኩል እንዳትሰጠው። እሁድ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ስጠው።